የሱቅ ወረቀት ምስክርነት
ከጦርነቱ በፊት በአዲስ አበባ ስለ ነበሩት የአደን አይሁድ ነጋዴዎች

(በእንጅባራ ለቤተ መጻሕፍትና ለመዛግብት ሙያተኞች የተደረገ ንግግር)



በአንድ ከተማ ውስጥ በየቀኑ ከሚጻፈው ወረቀት ሁሉ ብዙ የሚጻፈውና ፈጥኖ የሚጠፋው የባለሱቅ ወረቀት ነው። የንጉሥ ደብዳቤ ማኅተም አርፎበት በግምጃ ቤት ይቀመጣል። የርስትና የጉልት ውል በወንጌል ኅዳግ ላይ ተጽፎ ከመጽሐፉ ጋር ይጠበቃል። የባለሱቅ ደረሰኝ ግን ሒሳቡ በተዘጋ ማግስት ለበርበሬና ለቡና መጠቅለያ ይሆናል፤ ከዚያም ወደ ምድጃ ይገባል። የታሪክ ጸሐፊም አንድ ከተማ እንዴት ይኖር እንደ ነበረ ለማወቅ በተነሣ ጊዜ ስለ ሹማምንቱ የተጻፈውን ያገኛል እንጂ ሕዝቡ ምን ይለብስ፣ በስንት ይገዛ፣ ከማን ይበደር እንደ ነበር የሚነግረውን አያገኝም።

ይህ ንግግር የሚያተኩረው በዚህ ዓይነት ወረቀት ላይ ነው። ለምሳሌነት የተመረጡትም ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በፊት በአዲስ አበባ ይነግዱ የነበሩት የአደን አይሁድ ናቸው። የተመረጡበት ምክንያት ቁጥራቸው ጥቂት ስለ ነበረ፣ ዛሬም እንደ ማኅበረሰብ በከተማይቱ ስለሌሉና ለመኖራቸው ትልቁ ምስክር ይኸው ተራ የንግድ ወረቀት በመሆኑ ነው።

በቅድሚያ ሁለት ነገሮች እንዳይደባለቁ መለየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ስለ አይሁድ ሲነገር አድማጭ ወዲያው የሚያስበው ቤተ እስራኤልን ነው። ቤተ እስራኤል በጎንደር፣ በደምቢያ፣ በቋራ፣ በሰሜንና በአካባቢው ለብዙ ዘመን የኖሩ የአገር ተወላጆች ናቸው። በጥንት ጸሎታቸው ውስጥ የአገውኛ ቃላት ተጠብቀው መገኘታቸውን የሰባት ቤት አገው ልጅ ሁሉ በልዩ ስሜት ሊሰማው የሚገባ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ከእርሻው ጋር አንጥረኞች፣ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ እንጂ ባለሱቆች አልነበሩም። ማረሻውንና ምጣዱን ገበያ አውጥተው ሲሸጡ ደረሰኝ የሚጽፍም የሚጠይቅም አልነበረም። ስለዚህ የእጃቸውን ሥራ የሚመሰክረው ብረቱና ሸክላው ነው። ወረቀት የሌለበት ቦታ ሁሉ ሰው ያልነበረበት ቦታ እንዳልሆነ ማንኛውም የመዛግብት ሙያተኛ በዚህ ሊማር ይችላል።

ሁለተኞቹ ከባሕር ማዶ የመጡት ናቸው። እንግሊዞች አደንን በ1831 ዓ.ም. ከያዙ በኋላ በዚያ የነበረው የአይሁድ ማኅበረሰብ እየበዛና በንግድ እየበረታ ሄደ። በ1862 ዓ.ም. የስዌዝ ቦይ ሲከፈት አደን ከአውሮፓ ወደ ሕንድ ለሚያልፉ መርከቦች ከሰል መሙያና የዕቃ ማራገፊያ ሆነች። ቡናው፣ ቆዳው፣ ሰሙ፣ የሰጎን ላባው በዚያ ይሰበሰባል፤ ከማንቸስተርና ከቦምቤይ የመጣው ጨርቅም ከዚያ ይከፋፈላል። ከአደን ተነሥተው ቀይ ባሕርን የተሻገሩት አይሁድ ከፊሎቹ በጣልያን ግዛት ሥር በነበረችው በአስመራ ተቀመጡ፤ የአስመራው ምኵራባቸው በ1898 ዓ.ም. ገደማ ተሠርቷል። ሌሎቹ ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ ወጡ። በአዲስ አበባም ሱካት ረሐሚም የሚባል ምኵራብ ነበራቸው።

አዲስ አበባ ያን ጊዜ ለነጋዴ የተመቸች እየሆነች ነበር። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ተከፈተ። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው፣ በተደራዳሪው በክሎቡኮቭስኪ ስም የሚጠራው ውል ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚከፈለውን ቀረጥ ከመቶ 10 እንዳያልፍ ወሰነ፤ ለውጭ አገር ሰዎችም የዳኝነት መብት ሰጠ። ባቡር፣ ባንክ፣ ፖስታ፣ ጉምሩክ ሁሉ ሥራቸው የሚካሄደው በወረቀት ነው። ከዚያ በፊት በማርትሬዛ ብርና በአሞሌ ጨው፣ በቃልና በምስክር ይካሄድ የነበረው ንግድ በባለሱቁ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ያከማች ጀመር።

አንድ ቦንዳ አቡጀዲ ከአደን ተነሥቶ አራዳ ገበያ እስኪደርስ የሚያስከትለውን ወረቀት መቁጠር ነገሩን ግልጥ ያደርገዋል። በመጀመሪያ ባለሱቁ ለአደን ወኪሉ ወይም ዘመዱ የማዘዣ ደብዳቤ ይጽፋል። ወኪሉ የዕቃውን ዝርዝርና ዋጋ የያዘ ፋክቱራ ይልካል። መርከቡ የጭነት ወረቀት ይሰጣል፤ ጅቡቲ ላይ የባቡር ኩባንያው ሌላ ይጽፋል፤ ድሬዳዋ ላይ ጉምሩክ የቀረጥ ደረሰኝ ይቆርጣል። ገንዘቡ በባንክ ሲላክ የሐዋላ ወረቀት ይኖራል። ዕቃው ሱቅ ከገባ በኋላ በዕቃ መዝገብ ይሰፍራል፤ ጣቃው ሲሸጥ ለገዢው ደረሰኝ ይጻፍለታል፤ በዱቤ ከሆነም ስሙ በዱቤ ደብተር ይገባል። በቦንዳው ላይ ተለጥፎ የመጣው ሥዕል ያለበት የፋብሪካ ምልክት እንኳ ሳይቀር ወረቀት ነው፤ ማንበብ የማይችል ገዢ የለመደውን ጨርቅ የሚለየው በዚያ ሥዕል ነበርና። እንግዲህ ስለ አንድ ቦንዳ ጨርቅ ብቻ ከአሥር ያላነሰ ወረቀት ይጻፍ ነበር ማለት ነው።

ከእነዚህ ወረቀቶች እያንዳንዱ ለሚያነብበው ሰው የየራሱን ይነግራል። የፖስታው ልባስ ላኪና ተቀባይ እነማን እንደ ነበሩ፣ በየትኛው ቀን በየትኛው ከተማ እንዳለፈ በማኅተሙ ይናገራል። የደብዳቤው ራስጌ የንግዱን ስም፣ የሚሸጠውን ዕቃና በየትኞቹ ከተሞች ቅርንጫፍ እንዳለው ያሳያል። ፋክቱራው በአንድ በኩል የገባውን ጨርቅ፣ በሌላ በኩል የወጣውን ቆዳና ቡና ሲያስተያይ አገሪቱ ምን ሰጥታ ምን እንደ ተቀበለች ያስረዳል። በድሬዳዋ ጉምሩክ ሹመት ያገለገሉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ኢትዮጵያ ጥሬ ዕቃዋን እየሰጠች በፋብሪካ የተሠራውን ስትገዛ ልውውጡ ሚዛን የጎደለው እንደ ሆነ ጽፈው ያለፉት እንዲህ ያለውን ወረቀት በሚያዩበት ዘመን ነው። መጽሐፋቸው የታተመው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነበር።

የዱቤ ደብተር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሰውን ልብ ያሳያል። ባለሱቅ በዱቤ የሚሰጠው ለሚያምነው ነው። በዱቤ ደብተር ላይ የሚገኝ ስም ሁሉ በአንድ የባዕድ አገር ሰውና በአንድ የአገር ልጅ መካከል የነበረ የመተማመን ምልክት ነው። የከፈለው ሲሠረዝ፣ ያልከፈለው ሳይሠረዝ መቅረቱም የኑሮን መውጣትና መውረድ ያመለክታል።

ቀኖቹም ዝም አይሉም። የአራዳ ገበያ ዋና ቀን ቅዳሜ ነበር። ሰንበቱን የሚጠብቅ አይሁዳዊ ግን ቅዳሜ አይሸጥም፣ አይጽፍም። አንድ የሽያጭ መዝገብ ዓመቱን ሙሉ ከዓርብ ወደ እሑድ ወይም ወደ ሰኞ የሚዘል ሆኖ ቢገኝ፣ የባለቤቱ ስም ባይጻፍበት እንኳ ሃይማኖቱን ባዶው ቦታ ይናገራል፤ ለሃይማኖቱ ሲል የገበያውን ትልቅ ቀን እንደ ተወም ይመሰክራል። በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር እንድትከበር በተወሰነበት አገር፣ ይህን የባለሱቁን ልማድ ደንበኛው እንደ እንግዳ ነገር ሊቈጥረው አይችልም።

ቋንቋውም የሚመረመር ነው። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ የውጭ ንግድ ቋንቋ ይበልጡን ፈረንሳይኛ ነበር። የአደን አይሁድ ከእንግሊዝ መሥሪያ ቤት ጋር በእንግሊዝኛ፣ ከደንበኛው ጋር በአማርኛና በዐረብኛ ይገናኛሉ፤ እርስ በርሳቸው ሲጻጻፉ ግን ዐረብኛውን በዕብራይስጥ ፊደል ይጽፉ ነበር። የጋብቻ ውላቸው፣ ከቱባ የሚባለው፣ በአራማይክ ቋንቋ ሆኖ ቀኑንና ከተማውን ይጠቅሳል። ስለዚህ ከአንድ ቤት የወጣ አንድ ጥቅል ወረቀት አራትና አምስት ቋንቋ ሊይዝ ይችላል። መዝጋቢው አንዱን ቋንቋ ብቻ ስለሚያነብ ሌላውን «የማይነበብ» ብሎ ቢለየው፣ የንግዱን ፋክቱራ ከቤተሰቡ ደብዳቤ፣ ሱቁን ከባለሱቁ ለየው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ወረቀት ወዴት ሄደ? ለሚለው የመጀመሪያው መልስ እሳት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ከተነሡ በኋላ የጣልያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን እስኪገባ ድረስ ከተማይቱ ተዘረፈች፤ ብዙ ሱቆችም ተቃጠሉ። የውጭ አገር ሰዎች ወደየሌጋሲዮኑ እየሸሹ ተጠለሉ። የተዘረፈ ጨርቅ በሌላ ጨርቅ ይተካል፤ የተቃጠለ የሒሳብ መዝገብ ግን ምትክ የለውም። በእነዚያ ሦስት ቀናት የጠፋው የሠላሳና የአርባ ዓመት የንግድ ትውስታ ነው።

ሁለተኛው መልስ ከእሳት የከፋ ነው። ከወረራው በኋላ የኢጣልያ አይሁድ ማኅበራት ኅብረት ካርሎ አልቤርቶ ቪቴርቦ የሚባሉ የሕግ ሰው የአይሁዱን ማኅበር በሕግ ሥርዐት እንዲያደራጁ ወደ አዲስ አበባ ላከ። በአቶ ታምራት አማኑኤል ይመራ የነበረው፣ በዶክተር ዣክ ፋይትሎቪች ጥረት በ1916 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት በወረራው ዘመን ተዘጋ። ኅዳር 8 ቀን 1931 ዓ.ም. ደግሞ የኢጣልያ መንግሥት አይሁድን ከዜጋ መብት የሚለይ የዘር ሕግ አወጀ። ከዚያ በፊት ሰውየው በወረቀት ላይ የሚጻፈው «ጨርቅ ነጋዴ» ወይም «የእንግሊዝ ጥገኛ» ተብሎ ነበር፤ በአዲሱ ሕግ ግን ወረቀት ሰውን በዘሩ መለያ መሣሪያ ሆነ። መዝገብ ለመታሰቢያም ለማሳደጃም ሊያገለግል እንደሚችል በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ሊዘነጋው አይገባም። በባለሱቁ የዱቤ ደብተርና በዘር መዝገብ መካከል ያለው ልዩነት ወረቀቱ አይደለም፤ የጻፈው እጅ ምን አስቦ ጻፈ የሚለው ነው።

ሦስተኛው መልስ ስደት ነው። በኅዳር 1940 ዓ.ም. በአደን በተነሣው ሁከት ከ75 በላይ አይሁድ ተገደሉ፤ ሱቆቻቸውም ተዘረፉ። ከዚያ ወዲህ የአደን ማኅበረሰብ በብዛት ወደ እስራኤልና ወደ እንግሊዝ እየሄደ አለቀ፤ የቀሩት ጥቂቶችም በ1959 ዓ.ም. ወጡ። የአዲስ አበባዎቹ የንግድና የዝምድና ሥር ተቈረጠ ማለት ነው። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፤ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ የቀሩትም አብዛኞቹ አገሩን ለቀቁ። ስደተኛ ሲነሣ የሚይዘው ፓስፖርቱን፣ የጋብቻ ውሉንና ፎቶግራፉን ነው፤ የሃያ ዓመት ደረሰኝ ተሸክሞ የሚሄድ የለም።

ይሁን እንጂ ሁሉም አልጠፋም። የአደን አስተዳደር እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ከሕንድ መንግሥት ጋር የተያያዘ ስለ ነበረ ስለ አደን ነጋዴዎች የተጻፈው ብዙ ወረቀት በለንደን በሕንድ ጽሕፈት ቤት መዛግብት ውስጥ ይገኛል። በአዲስ አበባ የታተሙት የፈረንሳይኛ ጋዜጦችና ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው ብርሃንና ሰላም የዘመኑን ነጋዴዎች ለማጥናት የሚጠቅሙ ምንጮች ናቸው። አድሪያን ዘርቮስ በጦርነቱ ዋዜማ አዘጋጅተው በእስክንድርያ ያሳተሙት ስለ ኢትዮጵያ የሚናገረው ትልቅ መጽሐፍ ስለ ከተማይቱ የውጭ አገር ሰዎችና ስለ ንግዳቸው ብዙ ይዟል። ቴምብር ሰብሳቢዎችም ሳያስቡት ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ለቴምብሩ ሲሉ የፖስታውን ልባስ ሙሉውን ባስቀመጡ ጊዜ የነጋዴውን ስምና አድራሻ አብረው አድነዋል። ቴምብሩን ቀድደው ልባሱን የጣሉ ደግሞ በዚያው ልክ አጥፍተዋል።

ተራ ወረቀት ምን ያህል ሊናገር እንደሚችል የዓለም ታሪክ ሁለት ታላላቅ ምሳሌዎች አሉት። የመጀመሪያው የካይሮ ጌኒዛ ነው። የአይሁድ ልማድ የእግዚአብሔር ስም የተጻፈበትን ወረቀት መጣልን ስለሚከለክል፣ በአሮጌው ካይሮ ምኵራብ አንድ ክፍል ውስጥ ጸሎቱም፣ ፋክቱራውም፣ የግል ደብዳቤውም ለብዙ መቶ ዓመታት ተከማችቶ ቆየ። ሰሎሞን ሼክተር ከ1896 እስከ 1897 እ.ኤ.አ. ከዚያ ያወጡት ብዙው ክፍል ዛሬ በካምብሪጅ ይገኛል፤ ቁጥሩም ወደ 200,000 የሚጠጋ ቁርጥራጭ ነው። ሰሎሞን ጎይታይን የሚባሉት ሊቅ በእነዚህ ቁርጥራጮች ላይ ተመሥርተው በመካከለኛው ዘመን የነበረውን ኅብረተሰብ ኑሮ በአምስት ቅጽ ጻፉ። በ12ኛው መቶ ዓመት አደን ላይ ሆነው ከሕንድና ከግብፅ ጋር የነገዱት አይሁድ ዛሬ በስማቸው የሚታወቁት በዚህ ነው። ነጋዴዎቹ ለሩቅ ወዳጃቸው ከሚልኩት ስጦታ አንዱ ወረቀት ራሱ ነበር። እንግዲህ ነገሩ የሚያስደንቅ ነው፤ የ12ኛው መቶ ዓመት የአደን ነጋዴ ምን እንደ ላከ ይታወቃል፤ የልጅ ልጆቹ ከመቶ ዓመት በፊት አራዳ ላይ ምን እንደ ሸጡ የሚነግረው ወረቀት ግን ተበታትኗል።

ሁለተኛው የዋርሶ ነው። ኢማኑኤል ሪንገልብሉም የሚባሉ የታሪክ ሰው በናዚ ዘመን በአጥር ውስጥ በተዘጋው የአይሁድ ሰፈር ሳሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር ምስክርነቶችንና ሪፖርቶችን፣ ከእነርሱም ጋር የትራም ቲኬትና የከረሜላ መጠቅለያ ሳይቀር ሰበሰቡ። በቆርቆሮ ሣጥንና በወተት ጋን አድርገው ቀበሩት። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 እና በ1950 እ.ኤ.አ. ከፍርስራሽ ሥር ተቆፍሮ ወጣ። ሞት በደጃቸው የቆመ ሰዎች የከረሜላ መጠቅለያ ያስቀመጡት ኑሮ ማለት ይህ ትንሹ ነገር መሆኑን ስላወቁ ነው።

ይህ ነገር ለእንጅባራና ለዳንግላ ምን ያገባቸዋል? የሚል ቢኖር መልሱ ቅርብ ነው። በዳንግላ ከጦርነቱ በፊት የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረ። ከ1917 እስከ 1926 ዓ.ም. ገደማ ቆንስል የነበሩት ሜጀር ሮበርት ቺዝማን የጣናን ሐይቅና የዐባይን ሸለቆ እየዞሩ አጥንተዋል፤ ጥናታቸውንም በ1936 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትመዋል። ከዳንግላ የተላከው የቆንስላ ደብዳቤ መዳረሻው የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነበር። የዳንግላን የቀድሞ ኑሮ ከወረቀት ሊያነብ የሚፈልግ የአገር ልጅ ስለዚህ ወደ ለንደን መሄድ ይኖርበታል። ሌላም አለ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ ሲያፈገፍግ በጎጃም ምድር ያሳደደው ጦር በመጽሐፍ ቅዱሱ መስፍን ስም «የጌዴዎን ጦር» ይባል ነበር። የአዛዡ የዊንጌት ጸሐፊ አብርሃም አካቪያ ከፍልስጥኤም የመጡ አይሁዳዊ ነበሩ። የዚያን ዘመቻ ወረቀት ይጽፍ የነበረው እጅ በዚህ አገር አልፏል።

ከዚህም በላይ የሚበልጠው የራስ ነገር ነው። እንጅባራ፣ ኮሶ በር ትባል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያደገች የገበያ ከተማ ናት። በዳንግላም በእንጅባራም አባት ለልጅ ያወረሰው ሱቅ አለ፤ በሱቁም ጓዳ የዱቤ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝ፣ የጨርቅና የጨው ማዘዣ ሊኖር ይችላል። ሱቁ ሲታደስ መጀመሪያ የሚጣለው ይኸው ነው። የአዲስ አበባ አይሁድ ነጋዴዎች ወረቀት በእሳትና በስደት ጠፋ። የእነዚህ ከተሞች ወረቀት በሰላም ቀን፣ በመጥረጊያ ቢጠፋ ግን ሊቀርብ የሚችል ምክንያት የለም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ሥራ ከባድ አይደለም። ወረቀቱ ከአንድ ቤት እንደ ወጣ ሳይበታተን አብሮ ይቀመጥ፤ ደብዳቤው ከልባሱ፣ ደረሰኙ ከመዝገቡ አይለይ። ማን እንደ ሰጠው፣ ከየትኛው ሱቅ እንደ ተገኘ፣ በምን ቀን እንደ ተረከቡት በዕለቱ ይጻፍ። መዝጋቢው የማያነብበው ቋንቋ ያለበት ወረቀት የሚያነብበው ሰው እስኪገኝ በክብር ይጠበቅ። የዱቤ ደብተር የሰው ገበና ስለ ሆነ በሕይወት ያሉትን ወይም ልጆቻቸውን የሚያሳፍር ነገር ጊዜው እስኪያልፍ ይከደን። ትውስታው ከወረቀቱ ጋር እንዲሄድም ሽማግሌው ባለሱቅ በሕይወት ሳሉ ስለ ንግዳቸው ይጠየቁ።

አንድ ሰው ከሞተ በኋላ ስሙ በመቃብሩ ላይ ይጻፋል። አገሩን ለቆ የሄደ ግን በሄደበት ይቀበራልና በኖረበት ከተማ መቃብር እንኳ የለውም። ከአራዳ ነጋዴዎች ብዙዎቹ እንዲህ ሆነዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው በዚያ ከተማ እንደ ኖረ፣ እንደ ነገደ፣ ለጎረቤቱ በዱቤ እንደ ሰጠና ቅዳሜ ሱቁን እንደ ዘጋ የሚመሰክርለት አንድ ቢጫ የሆነ ደረሰኝ ሊሆን ይችላል። ያን ደረሰኝ ከበርበሬ መጠቅለያነት ማዳን የዚህ ሙያ ድርሻ ነው።